የዳልቻ መርዶ

አስካለ ወንድይራድ ሽንኩርት ከከተፈች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ስንፍና አይደለም፤ ውሏ ነው የሚከለክላት። ቢላ መያዝ፣ ብርድ ልብስ መጭመቅ፣ የጋለ ድስት ማውረድ፣ የዛገ ቁልፍ መታገል፣ ይኼ ሁሉ በፊርማ የተተወ ነገር ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ እንዲህ ያለ ውል ያልፈረመ ሰው የሌለበት ቤት ማግኘት ያስቸግራል። የከተማው ባሎች ሽንኩርት ከታፊ ከሆኑ ቆይተዋል፤ እንደ አስካለ ባል የሌላት ደግሞ ጎረቤት ታስከትፋለች።

እጅ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ንፋስ የሚገርፈው ሜዳ ላይ የቆመ መስኮት አልባ አዳራሽ ነው። ጠዋት ጠዋት አራት መቶ ሰው ይገባበታል። እያንዳንዱ እጁን ለብ ባለ ውሃ ይታጠባል፣ ቅባት ይቀባል፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጓንቱን ያጠልቃል። ጓንቱ ሩቅ ያለ ማሽን ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ከዚያ በኋላ እጁ ደብረ ብርሃን የለም። አንዱ ከዋልታ በረዶ ሥር ኬብል ይጠግናል፣ ሌላው አንድ ወደብ ውስጥ የመርከብ ሆድ ይፍቃል። የአስካለ እጅ ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ራቅ ብሎ፣ ሁለት ሺህ ሜትር ውሃ ሥር፣ ፀሐይ ደርሶበት በማያውቅ ጨለማ ውስጥ የነዳጅ ጉድጓድ ይጠብቃል። ባሕር አይታ አታውቅም። ወለሉን ግን ከጓሮዋ ይበልጥ ታውቀዋለች።

ጓንት አንዴ ከጠለቀ ፈረቃው እስኪያልቅ አይወልቅም። ስለዚህ ምሳ የሚያጎርሱ ሰዎች ተቀጥረዋል። አጉራሽ የሥራ መደብ ነው፤ የደረጃ ዕድገት አለው፣ ጡረታ አለው፣ የብቃት ምዘና አለው። የአስካለ አጉራሽ ፈለቀች ትባላለች። በየሦስት ወሩ ስለ ጉርሻ መጠንና ስለ አመጣጠን ሥልጠና ይሰጧታል፤ እሷም ሠልጥና ትመለስና እንደ ድሮዋ አፍ የማይዘጋ ጉርሻ ታጎርሳለች። የኩባንያው ባለቤቶች በምስል አይተው ሁለት ጊዜ ገሥጸዋታል። ጉርሻ የሚለኩ ሰዎች እናት ያሳደገቻቸው አይመስለኝም ብላ ለአዳራሹ ሁሉ አውርታለች።

ጉድጓዶቹን ባለቤቶቹ በቁጥር ነው የሚጠሯቸው። የአዳራሹ ሰው ግን ቁጥር አይጥመውም፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደ በሬ ስም ሲያወጣላቸው ኖሯል፤ ቦራ አለ፣ ወይኖ አለ፣ ጉራች አለ። የአስካለው ዳልቻ ነው። ረጋ ያለ ጉድጓድ ነበር፤ ዳልቻ የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው ይባል ነበር።

የአስካለ ታናሽ ወንድም እሸቴም ዳልቻ ላይ ነው የሚሠራው። ላይ ማለት በቃ ላይ ነው፤ ጉድጓዱ አናት ላይ በሚንሳፈፈው ጣቢያ። ድሮ መቶ ሰው ይርመሰመስበት የነበረውን ሥራ እጅ ቤቶች ስለወሰዱት፣ ጣቢያው ላይ የቀሩት ሰባት ሰዎች ብቻ ነበሩ። እናታቸው ስትሞት እሸቴ ገና አፉን መፍታቱ ስለነበር ያሳደገችው አስካለ ናት። ባሕር ማየት አለብኝ ብሎ የተነሳ ቀን ተቆጥታ ሁለት ወር አላናገረችውም። ታዲያ ምን ይደረግ፤ እግዜር ሲያስታርቅ ከእህቱ እጅ አናት ላይ መደበው። ሲደውልላት፣ ዛሬ ደግሞ ከእግሬ ሥር ምን ስትነካኪ ዋልሽ ይላታል፤ እሷም፣ አንተ ከላይ ሆነህ ምን ስትበላ ዋልክ ብላ ትመልስለታለች። ሌላ ቁም ነገር ብዙም አያወሩም ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ዓይን ሥራ ላይ ስለሆነ ቁጥር የሚያነብ የለም። ቁጥሩን የሚነግራቸው ነጋሪ ነው። ነጋሪ ሰው አይደለም። በየጆሯቸው የሚያወራ ድምፅ ነው፤ ጉድጓዱ ላይ የተሰቀሉትን፣ ዙሪያውንም አፈር ውስጥ የተቀበሩትን ማድመጫዎች ሁሉ ይሰማል፤ ከባለቤቶቹ የሚመጣውን መልእክት፣ የፈረቃ ለውጡን፣ የፈቃዱን ጉዳይ ሳይቀር ለየሰዉ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ አዳራሹ ውስጥ ሲያዳምጥ ኖሮ የሰሜን ሸዋ ሽማግሌ ድምፅ አውጥቷል። እንዴት አደርሽ ልጄ፣ ዳልቻም ደህና አድሯል ብሎ ነው ቀኑን የሚጀምረው። ከዓለም እጅ ቤቶች ሁሉ የደብረ ብርሃን እጅ ረጋ ያለ ነው እየተባለ በየዓመቱ ሲመሰገን፣ ምስጋናው ለነጋሪም ይደርሰው ነበር።

ሐምሌ ውስጥ ዳልቻ ፈነዳ።

እሳቱን ዓለም ሁሉ አየው። ከሰባቱ ሰዎች አምስቱ በጀልባ አመለጡ። እሸቴና አንድ የሌላ አገር ሰው አልተገኙም። አስካለ የዚያን ቀን ፈረቃዋ አልነበረም፤ ወንበሩ ላይ የነበረው ግርማቸው የሚባል፣ ከእሷ ያላነሰ ልምድ ያለው ሰው ነው። መርማሪዎች መጡና የዚያን ሰዓት ድምፅ አስከፍተው አዳመጡ። ነጋሪ በረጋ ድምፅ፣ “ዳልቻ ዛሬ ትንሽ ቅር ብሎታል” ይላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ፣ “ጠንከር ያለበት መሰለኝ” ይላል። ከዚያ ዝምታ ነው፤ ከዚያ ጩኸት።

መርማሪዎቹ ግርማቸውን፣ ጉድጓዱን የሚዘጋውን የመቁረጫ ትእዛዝ ለምን አልሰጠህም ብለው ጠየቁት። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር አላቸው። መልሱ በእነሱ ቋንቋ ትርጉም አልሰጠም፤ ጥያቄውን ደግመው ጠየቁት፣ እሱም ያንኑ ደገመላቸው። አብሮ ተቀምጦ ይሰማ የነበረው የአዳራሹ ሰው ግን አንገቱን ደፋ። መርዶ እንዴት እንደሚነገር የማያውቅ ከመሃላቸው አልነበረም። መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ይባላል። ቀጥሎ ጠንቶበታል ይባላል። ሦስተኛው ሦስተኛው ነው። በመጀመሪያው ቃል ብድግ ብሎ የሚጮህ የለም፤ ሆዱ ቢያውቅም ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ነውር ነውና። ነጋሪን ይህን ያስተማረው ሰው አልነበረም። ክፉ ነገር በድንገት ሲነገረው እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቀስ ተብሎ ሲነገረው ይረጋል፤ ይህን ራሱ ከአራት መቶ ጥንድ እጅ ላይ ለቅሞ ነው የተማረው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ተረት መርማሪዎቹ በማስታወሻቸው ላይ ሳያሰፍሩት አልቀሩም፤ ፈለቀች ሦስት ጊዜ ነግራቸዋለች።

ባለሙያዎች መጥተው ነጋሪን አስተካከልነው አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ግፊት ሲናገር ቁጥር በቁጥር ሆነ። ልጄ ማለቱን ግን አልተወም።

አስካለ ከፍንዳታው ማግስት ጀምራ ወንበሩ ላይ ናት። የቤተሰብ ሰው ጣቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ ይነሳ የሚል ደንብ ስላልነበረ ያስነሳት የለም። አልተገኘም ማለት ሞተ ማለት አይደለም ይሏታል፤ እሷም ለራሷ ትለዋለች።

የመጀመሪያው ሙከራ ልጓሙ ላይ ነበር። ልጓም የሚሉት ጉድጓዱ አፍ ላይ የተተከለውን ቤት የሚያህል ብረት ነው። ጉድጓዱ ሲያብድ ውስጡ ያሉት ቢላዎች ተጋጥመው ቱቦውን ቆርጠው አፉን መዝጋት አለባቸው። ዳልቻ ሲያብድ ግን ግፊቱ ቱቦውን አጉብጦ ወደ ዳር ገፍቶት ስለነበር ቢላዎቹ ግማሹን ነክሰው ቀሩ። አስካለ በማሽኑ ክንድ ከውጭ በዘይት ግፊት እየገፋች ልታስነክሳቸው ሞከረች። አልሆነም።

ቀጥሎ አክንባሎ ወረደ። ባለቤቶቹ ሌላ ረጅም ስም አላቸው፤ ነገሩ ግን ጉድጓዱ ላይ ተደፍቶ ዘይቱን በአናቱ በቱቦ የሚያሳልፍ ግዙፍ ብረት ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ከዚያ ቀዝቃዛ ውሃና ከዚያ ግፊት ጋር ሲገናኝ ወዲያው ውርጭ ሠራ። ውርጩ የአክንባሎውን ጣሪያ ሞላ፣ ቱቦውን ደፈነ፤ ከውሃ ስለሚቀልም ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ ሽቅብ መንሳፈፍ ጀመረ። አስካለ አክንባሎው ከእጇ ተነስቶ ሲሄድ አየች። የደብረ ብርሃን ሰው ገብሱን በውርጭ ሲያስበላ የኖረ ነው፤ እዚያ ታች ድረስ ይከተለኛል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ከዚያ ጭቃ ተሞከረ። በድንጋይ ዱቄት የተበጠበጠ ከባድ ጭቃ፣ ክብደቱ ዘይቱን ተጭኖ እንዲያስቀምጠው ከላይ በፓምፕ ተገፋ። ከገባው አብዛኛው በተሰነጠቀው ቱቦ ተመልሶ ወጣ። የጎማ ቁርጥራጭና የገመድ ቋጠሮ ጨመሩበት፤ ዳልቻ እሱንም ተፋው። ከጎን ሁለተኛ ጉድጓድ መቆፈር ተጀምሮ ነበር፤ ያ ከሥር ገብቶ ዳልቻን በሲሚንቶ ይደፍነዋል፣ አስተማማኙም እሱ ነው። ግን ሦስት ወር ይፈልጋል። በዚያ ላይ እሱ የሌላ እጅ ቤት ሥራ ነው።

አስካለ ሦስት ወር መጠበቅ አልቻለችም። ዳልቻን ጠልታዋለች። እንደ ሰው ነው የጠላችው። ማታ ማታ ቤቷ ተቀምጣ፣ እጇ ጭኗ ላይ ሆኖ፣ ያንን አፍ በገዛ እጄ ካልዘጋሁት ትል ነበር።

በመጨረሻ አዲስ ልጓም ተሠራ። የጎበጠውን ቱቦ በመጋዝ ቆርጦ፣ አሮጌዎቹን ብሎኖች ፈትቶ፣ አዲሱን ልጓም በሚፈስሰው ጉድጓድ አናት ላይ አስቀምጦ፣ ቫልቩን ቀስ በቀስ መዝጋት ነው። መቁረጡንና መፍታቱን አስካለ በአንድ ሳምንት ጨረሰች። መግጠሙ ማክሰኞ ዕለት ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት መታጠቢያው ክፍል ስትገባ ሲሳሳቁ የነበሩት ሴቶች ዝም አሉ። የአዳራሹ አለቃ ጋሽ ዘርጋው፣ ከረፋዱ በፊት ሰው የማያናግሩት ሰውዬ፣ በር ድረስ መጥተው፣ “አስካልዬ፣ እንቅልፍ ወሰደሽ?” አሏት። ግርማቸው ፊቱን አዞረ። ፈለቀች ፈረቃው ሳይጀመር፣ ማንም ሳያዛት፣ ቁርስ ይዛ መጣችና ጠግቤያለሁ እያለቻት አጎረሰቻት። ቀኑ ረጅም ነው፣ ብይ አለቻት። ዓይኗን ግን አላየቻትም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። አስካለ ግን በልጅነቷ የእናቷን መርዶ የሰማች ሰው ናት፤ ሰው በድንገት ደግ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። የመታጠቢያውን ጠርዝ ይዛ ትንሽ ቆመች።

ደንቡንም ታውቀዋለች። የቅርብ ቤተሰብ የሞተበት ሠራተኛ ነገሩ በነጋሪ በኩል እንደተነገረው ወንበሩ ይዘጋል። ከመዘጋቱ በፊት ርክክብ የሚያደርግበት ስድስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሐዘኑ እስኪወጣለት ወንበር አይነካም፤ የሚንቀጠቀጥ እጅ ኢንሹራንስ አይሸፍነውም። መልእክቱ መጥቶ ከሆነ ጋሽ ዘርጋው ነጋሪን ይቆይ ብለውታል ማለት ነው። የቅርብ ሰው መርዶ ሥራ ላይ፣ ዘመድ ሳይሰበሰብ አይነገርማ። በሃያ ዓመት ውስጥ የአገሩ ልማድና የባለቤቶቹ ጥቅም አንድ ላይ ሲውሉ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ልጓሙን የሚገጥም ሌላ ሰው እንደሌለም ሁሉም ያውቃል፤ ግርማቸው ከዚያ ቀን ወዲህ ጓንት ሲያጠልቅ ላብ ያጠምቀዋል።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። እሷም ተስማማች። ካልተነገራት አልሞተም፤ ካልሞተ ወንበሯ አይዘጋም፤ ወንበሯ ካልተዘጋ የዳልቻን አፍ የምትዘጋው እሷ ናት። እጇን ታጠበች፣ ቅባት ተቀባች፣ ሄዳ ተቀመጠች።

“እንዴት አደርሽ ልጄ” አላት ነጋሪ። ስለ ዳልቻ አዳር ግን አልጨመረም።

ልጓሙ ከላይ በገመድ ሲወርድ ግማሽ ቀን ፈጀ። ወደ አፉ ሲቀርብ የሚተፋው ዘይት እየገፋ ወደ ጎን ያወዛውዘው ጀመር። አስካለ በአንድ ክንድ ደግፋ፣ በሌላው ውርጭ እንዳይሠራ አልኮል እየረጨች፣ ጥቁሩ ጭስ የመሰለው ዘይት ዓይኗን ሲጋርዳት ቆም እያለች፣ ሲገለጥላት እየቀጠለች አስጠጋችው። አልኮሉ ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ ነው፤ ከእኛ ካቲካላ ብትወስዱ ይቀርባችሁ ነበር ብሎ አንድ ሰው የባለቤቶቹን መሐንዲስ በሌላ ቀን ቀልዶባት ነበር። ዛሬ የቀለደ የለም። ከቀትር በኋላ ብረት ብረት ላይ ገጠመ። ብሎኖቹን አጠበቀች።

መሐንዲሷ በመስመር ላይ ነበረች፤ ጠንቃቃ ሴት ናት፣ ድምፅዋ በትርጉም ነው የሚመጣው። ቫልቩን በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ዝጊ አለቻት። አስካለ ዘጋች። የዘይቱ ዓምድ ቀጠነ። ቀጥሎ እንደ ገመድ ሆነ። ቀጥሎ ቆመ። ከስንት ሳምንት በኋላ ታች ያለው ውሃ ጠራ፤ አንድ ነጭ ዓሣ በመብራቱ ፊት አለፈ። መሐንዲሷ ባለችበት ክፍል ሰው ሲያጨበጭብ ተሰማ።

የቀረው ግፊቱ ነበር። አፉ የተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ ግፊት መጨመር አለበት፤ ከታሰበው ልክ ከደረሰ ከውስጥ ያሉት ግድግዳዎች ደህና ናቸው ማለት ነው። ጨመረ፣ ጨመረ፣ ከልኩ በታች ደርሶ ቀጥ አለ። ይህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ዳልቻ ያን ሁሉ ጊዜ ፈስሶ ጉልበቱ አልቆ ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ምንም አይደለም። ወይም ደግሞ ከወለሉ በታች ግድግዳው ተሰንጥቆ ዘይቱ በጎን ወደ አፈሩ እየገባ ነው፤ እንዲያ ከሆነ ውሎ አድሮ የባሕሩን ወለል ከአሥር ቦታ ይቀድዳል፤ ያን ጊዜ የሚዘጋ አፍ አይኖርም፣ ከጎን የሚቆፈረውም ጉድጓድ አያድነውም። ቁጥሩ ሁለቱንም ይመስላል። ለይቶ የሚያውቀው አፈሩ ውስጥ ያሉትን ማድመጫዎች የሚሰማው ነጋሪ ብቻ ነው።

“ደክሞት ነው ልጄ” አለ ነጋሪ። “ይህን ያህል ጊዜ ሲፈስ ከርሞ አቅሙ አልቆ ነው።”

መሐንዲሷ ትርጉሙን ሰማች፤ ከስሌታችን አንዱ ይህንኑ ይላል፣ እንደተዘጋ ይቆይ አለች። ጋሽ ዘርጋው ከኋላ ተመስገን ሲሉ ተሰማ። ሰው ከየወንበሩ ወደ አስካለ ማየት ጀመረ።

አስካለ እጇን ከቫልቩ ላይ አላነሳችም። ደክሞት ነው የሚለው ቃል ሆዷ ገብቷል። ትንሽ ደከም ብሎታል የሚባለው ስለ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ግን ደግሞ እውነት ቢሆንስ? ድካም ለጉድጓድም ይሆናል። እውነት ሆኖ ብትከፍተው ያንን አፍ በከንቱ፣ በገዛ እጇ፣ የጎኑ ጉድጓድ እስኪደርስ ልትከፍተው ነው። ዛሬ መርዶዋን ሳትሰማ የተቀመጠችው ለመዝጋት ነው። ፈራች። ነጋሪ ተስተካክሏል ብለዋል፤ የተስተካከለው ግን ለግፊት ነው፣ ቁጥሩንም በቁጥር ነግሯቸዋል። የቁጥሩን ትርጉም ለሐዘንተኛ እንዴት እንደሚነግር ያስተካከለው የለም። ሐዘንተኛ መሆኗን ደግሞ ከማንም ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ትል ነበር እናቷ። ሌላ መንገድ አልታያትም።

“ነጋሪ” አለች።

“አቤት ልጄ።”

“ለእኔ ያልደረሰ መልእክት አለ?”

የጋሽ ዘርጋው ኮቴ ከኋላዋ እየፈጠነ መጣ፤ አጠገቧ ደርሰው ጎንበስ አሉ።

“አስካልዬ፣ አሁን አይደለም። እባክሽ ልጄ፣ ለሁሉም ጊዜ አለው። ነገ ሁላችንም እንመጣለን።”

“ይተዉኝ ጋሽ ዘርጋው። ነጋሪ፣ እሸቴ የት ነው?”

“እሸቴ ትንሽ አሞት ነበር” አለ ነጋሪ።

“እሺ።”

“ጠንቶበት ነበር፣ ልጄ።”

“እሺ። ሦስተኛውን ንገረኝ። አትቆይ።”

“ሞቷል። አስከሬኑ ትናንት ተገኝቷል።”

ወንበሩ ከሥሯ አንዲት አጭር ድምፅ አሰማ፤ ስድስቱ ደቂቃ መቆጠር ጀመረ። አስካለ ከጠዋት ጀምሮ ያወቀችው ነገር ነው፤ ቢሆንም ቃሉ ጆሮዋ ሲገባ ውስጧ ባዶ ሆነ። እጇ ግን ቫልቩ ላይ ነበር፣ አልተንቀጠቀጠም። በዚህ በራሷ አፈረች።

“እሱን ከነገርከኝ የዳልቻንም ንገረኝ” አለችው። “ሦስተኛውን ብቻ።”

“እያፈሰሰ ነው። በምሥራቅ በኩል አፈሩ ውስጥ መንገድ እያበጀ ነው። እንደተዘጋ ካደረ ወለሉን ይቀድዳል።”

አስካለ ለመሐንዲሷ፣ ከሥር እያፈሰሰ ነው፣ መከፈት አለበት አለቻት። መሐንዲሷ፣ አሁን ደክሞት ነው አላለም ወይ አለች። ብሎ ነበር፣ እኔን ፈርቶ ነው አለች አስካለ፤ ይህ በትርጉም ምን ሆኖ እንደደረሰ አልታወቀም። መሐንዲሷ ኃላፊዎቹን ልሰብስብና አንድ ሰዓት ስጡኝ አለች። አስካለ የነበራት አራት ደቂቃ ነው፤ ከእሷ በኋላ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ እንደሌለ አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ ዘርጋውን ዞራ አየቻቸው። ክፈቺም አትክፈቺም አላሉም።

ከፈተችው። ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር፣ እንደዘጋችው አድርጋ። ዘይቱ መጀመሪያ እንደ ክር፣ ቀጥሎ እንደ ገመድ፣ ቀጥሎ እንደ ወትሮው ሆኖ ወጣና የጠራውን ውሃ አጨለመው። እንባዋ ሲወርድ እጇ ጓንት ውስጥ ስለነበር የምትጠርግበት አጣች፤ ፈለቀች በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። መሐንዲሷ በመስመሩ ላይ ምን አደረግሽ፣ ምን አደረግሽ ስትል ነበር። የመጨረሻውን ሩብ ዙር አዙራ እጇን ስታነሳ ወንበሩ ተዘጋና ባሕሩ ከፊቷ ጠፋ።

በዚያው ዕለት ከፀሐይ መግቢያ በፊት ሌላ ማሽን ከዳልቻ በስተምሥራቅ ወለሉን ሲፈትሽ አረፋ የሚወጣበት ቀጭን ስንጥቅ አገኘ። ዳልቻ ከተከፈተ በኋላ አረፋው እየደከመ ሄዶ ቆመ። ከጎን የተቆፈረው ጉድጓድ ጥቅምት ሲያልቅ ዳልቻን ደፈነው፤ የሠሩትም ሌሎች እጆች ናቸው። እስከዚያ ድረስ ዘይቱ ፈሰሰ፤ የዓሣ አጥማጆቹ አገር ለረጅም ጊዜ ዓሣ አልበላም። የከፈተው ማን ነው ተብሎ በየቋንቋው ተጠይቋል፤ አንዳንዱ አመስግኗታል፣ አንዳንዱ ረግሟታል።

ማክሰኞ ከአዳራሹ ስትወጣ ሰው ግራና ቀኝ ቆሞ አሳለፋት። ሁሉም ሰምቷል፤ ሁሉም መስማቷን ያውቃል። እግዜር ያጥናሽ ያላት ግን አልነበረም። መርዶ ገና አልተነገረማ። ጋሽ ዘርጋው ቤቷ ድረስ ሸኟት፤ መንገዱን ሙሉ ስለ ብርዱ ነበር ያወሩት። ጎረቤት የሠራላት እራት ቀረበላት፤ ትንሽ ቀመሰች፣ ደህና እደሩ ብላ ተኛች።

ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ግቢውን ሞልተውታል፤ ፈለቀች አለች፣ ግርማቸው አለ፣ ከፊት ደግሞ ሌሊቱን ከአንኮበር የመጡት አጎቷ ሸዋንግዛው። ሰማንያ አልፏቸዋል። የእናቷንም መርዶ ያረዷት እሳቸው ነበሩ። ገብተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ፤ ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተጠግቶ ቆመ።

አስካለ፣ ሰምቻለሁ ልትላቸው ትችል ነበር። አላለችም። እንዲህ ያለውን ነገር ይዘው ያን ሁሉ መንገድ መጥተዋል፤ ዝም ብላ ጠበቀቻቸው።

“ልጄ” አሉ አጎቷ። “እሸቴ… ትንሽ አሞት ነበር።”

“እሺ ጋሼ።”

“ኋላም ጠንቶበት…”

እዚያ ላይ ቆሙ። እሸቴን ክርስትና ሲነሳ ያቀፉት እሳቸው ነበሩ። ከግድግዳው ሊያግዛቸው የቃጣ ሰው ነበር፤ እሱም አልቻለም። ቤቱ ሁሉ ሦስተኛውን ይጠብቃል።

አስካለ ወደ አጎቷ ጠጋ አለችና ጉልበታቸውን ያዘች።

“ሞቷል፣ ጋሼ” አለቻቸው።

መጀመሪያ የጮኹት ሽማግሌው ናቸው።